ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባዮኢነርጂ ምርምር ሙያ መዝለቅ ይቻላል? የቄራ ፈርስና የጫት ገራባ ይዤ ምክር ፍለጋ

ጥያቄ፦ የቦርከና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩን ካልዘረዘርኩት ምክራችሁም ልክ ስለማይመጣልኝ ጽሑፌ ቢረዝም ይቅርታ አድርጉልኝ።

በኬሚካል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ሁለት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ አሁን በዘላቂ ኢነርጂ ምሕንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በማጠናቀቅ ላይ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ከቄራ የሚወጣውን ፈርስ ከጫት ገራባ (ጫት ሲቃም ከሚጣለው ቅጠልና እንጨት) ጋር ቀላቅሎ፣ አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ በማብላላት ባዮጋዝ የሚባለውን የሚነድ ጋዝ ማግኘትን ይመለከታል። ርዕሱን የመረጥኩት መጽሐፍ ሳገላብጥ አይደለም። ያደግሁት ቦርከና አጠገብ በመሆኑ ወንዙ ከከተማው በላይና ከከተማው በታች ሁለት የተለያየ ወንዝ እንደሚመስል ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ገራባውንም ማታ በየደጃፉ ተከምሮ፣ ጠዋት ፍየሎች ቅጠሉን ለቅመው እንጨቱን ትተውት ሲሄዱ በየቀኑ አየዋለሁ። እናቴ ግን «ኢንጂነር ትሆናለች ብዬ ባስተምራት በፈርስ ልትመረቅ ነው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። እየቀለደች ይመስለኛል።

ሙከራውን የምሠራው የጎማ ክዳን ባላቸው ብልቃጦች ነው፤ የጋዙን መጠን የማውቀው ከሌላ ዕቃ የሚያስወጣውን ውኃ በመስፈር ነው። 34 ቀን ከጠበቅሁ በኋላ ድብልቁ ከፈርስ ብቻ የተሻለ ጋዝ ሰጥቶኛል፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ነገር የያዙት ብልቃጦች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ የጋዙን ይዘት ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያም በአቅራቢያዬ የለም። ስለዚህ ይህ ውጤት ከመመረቂያ ወረቀት ያለፈ ዋጋ ይኖረው እንደሆነ አላውቅም።

ትልቁ ጭንቀቴ ግን ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። በውጭ አገር የሦስተኛ ዲግሪ ዕድል ልፈልግ፣ ወደ ፋብሪካ ሥራዬ ልመለስ፣ ወይስ በኢነርጂ ቢሮዎችና በፕሮጀክቶች በኩል ልግባ? ለማንም ባማክር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፤ «ግድቡ አልቋል፣ መብራቱ መጥቷል፣ ከእንግዲህ የእበት ጋዝ ለማን ይሆናል?» ይሉኛል። ይህን ስሰማ የምመልሰው አጣለሁ። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ብትመክሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።


መልስ፦ ቦይለር ክፍል

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ በእንፋሎትና በፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁና ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚፈታው እሱ ሲፈታ ነው።

«ግድቡ ካለቀ ባዮጋዝ ለምን?» የሚሉሽ ሰዎች ኢነርጂ ማለት መብራት ብቻ ስለሚመስላቸው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከብሔራዊ የኃይል ቋታችን ከዘጠኝ እጅ በላይ የሚሆነውም የሚመነጨው ከውኃ ነው። በዚህ አገር ባዮጋዝን በትንሽ ጄኔሬተር ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ከውኃ ኃይል ጋር ለመወዳደር የሚነሣ ሰው ገና ሳይጀምር ተሸንፏል። ሞተሩ ከጋዙ ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሲሶውን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ብቻ ነው፤ የተቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ያንኑ ጋዝ ቦይለር ውስጥ ብታነጂው ግን ከ80 በመቶ በላዩ ወደ እንፋሎት ይገባል። ፋብሪካ ደግሞ የሚፈልገው እንፋሎት ነው፤ ቢራ የሚፈላው፣ ጨርቅ የሚነከረው፣ ቆዳ የሚደርቀው በእንፋሎትና በሙቅ ውኃ ነው። ይህን እንፋሎት የሚያፈላው ጥቁር ናፍጣ በዶላር ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የባዮጋዝ ተፎካካሪው ዓባይ ሳይሆን ቦቴው ነው።

አንድ ሒሳብ ላሳይሽ፤ ቁጥሮቹ የማንም ፋብሪካ ሳይሆኑ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። አንድ የመጠጥ ፋብሪካ በቀን 1,000 ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ ያወጣል እንበል፤ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው የሲኦዲ መጠን (ማለትም በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ብስባሽ ሙሉ በሙሉ ለማቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን) 3 ግራም ቢሆን በቀን 3,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ማብላያው 80 በመቶውን ቢያስወግድ 2,400 ኪሎ ነው። ከተወገደ 1 ኪሎ ሲኦዲ የሚገኘው ሚቴን (የባዮጋዙ የሚነደው ክፍል) 0.35 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ይህ ከኬሚስትሪው የሚወጣ ቁጥር ስለሆነ ማንም ሻጭ ከዚህ በላይ ቃል ቢገባልሽ አትመኚው። እንግዲህ በቀን 840 ሜትር ኪዩብ ሚቴን አገኘን ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ 36 ሜጋ ጁል ገደማ ስለሚይዝ 30,000 ሜጋ ጁል ይሆናል። ከባድ ጥቁር ናፍጣ በኪሎ 40 ሜጋ ጁል ገደማ አለው፤ ስለዚህ ፋብሪካው በየቀኑ 750 ኪሎ የሚያህል ነዳጅ በፍሳሽ ቱቦው ወደ ቦርከና እየለቀቀ ነበር ማለት ነው። ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ስለ አየር ንብረት ስታወሪ ሰዓቱን ያያል፤ ይህን ሒሳብ ስታሳይው ወንበር ይስብልሻል።

ቴክኖሎጂውም አዲስ አይደለም። ሆላንዳዊው ጋትዘ ሌቲንጋና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ዋኸኒንገን ላይ ያበጁት፣ ፍሳሹ ከታች ወደ ላይ በባክቴሪያ ፍሬዎች ንጣፍ ውስጥ እያለፈ የሚጣራበት፣ ዩኤኤስቢ የሚባለው ማብላያ በዓለም ላይ ባሉ የመጠጥ ፋብሪካዎች የተለመደ ነው። ነገር ግን ልብ በይ፤ ያንቺ ፈርስና ገራባ ጠጣር ስለሚበዛበት በዚህ ዓይነት ማብላያ ውስጥ ቢገባ ይደፍነዋል። ለሱ የሚስማማው የሚማሰል ጋን ወይም በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ረጅም ቦይ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ ክሮምና ሰልፋይድ ስላለበት ሚቴን ሠሪዎቹን ረቂቅ ተሕዋስያን ይጎዳል፤ የጨርቃ ጨርቅም ከቀለሙና ከጨዉ የተነሣ ለጋዝ ብዙም አይረባም። ፍሳሽ ሁሉ ነዳጅ ነው ብለሽ እንዳትነሺ ነው ይህን የምልሽ።

የሥራውን ነገር ካነሣሽው፣ ፍሳሽ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ቦይለር የሚያውቅም ሰው አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ግን እኔ በእነዚህ ዓመታት ሁለት ብቻ አግኝቻለሁ። ሦስተኛዋ ለመሆን ሁለት ዓመት የፋብሪካ ልምድሽ ከግማሽ በላይ መንገዱን ወስዶልሻል።


መልስ፦ ባለ ሶላሩ

የቦይለር ክፍሉ ወንድሜ የጻፉት ለትልቅ ፋብሪካ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጠያቂዋ የያዘችው ግን ፍሳሽ ሳይሆን ገራባ ነው። ገራባን ከየመንደሩ ሰብስቦ፣ አጓጉዞ፣ ከትፎ ማብላያ ውስጥ የሚከት ማን ነው? የመጓጓዣው ናፍጣ ከሚገኘው ጋዝ ቢበልጥስ? የዛሬ 15 ዓመት ገደማ በዚህ አገር ስለ ጃትሮፋ የነበረውን ጉጉት የምናስታውስ ሰዎች አለን። በባቲ በኩል አጥር ሆኖ የኖረው ተክል ናፍጣ ሊወጣው ነው ተብሎ ስንት ወረቀት ተጻፈ፤ ዘሩ በደረቅ መሬት ላይ የሚሰጠው ምርት ከተገመተው እጅግ ያነሰ ሆኖ ሲገኝ ወረቀቱም አብሮ ቀረ። ወጣት መሐንዲስ ሙያዋን በእንዲህ ዓይነት ነገር ላይ እንድትጥል አልመክርም። የፀሐይ ኃይል፣ የባትሪና የኤሌክትሪክ መረብ ዕውቀት ነገም የትም አገር ይፈለጋል። አስተያየቴ ይህ ነው፤ ለክፋት እንዳይወሰድብኝ።


መልስ፦ ከሐረጎ ማዶ

ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን በስዊድን በዚሁ ዘርፍ የሦስተኛ ዲግሪዬን በመጨረስ ላይ ያለሁ ነኝ። ባለ ሶላሩ ስለ ጃትሮፋ ያነሡት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የጃትሮፋ ችግር ገና ተተክሎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ መሬት ይዞ የሚመጣ ነዳጅ መሆኑ ነበር። ፈርስና ገራባ ዛሬም ማንም ሳይተክላቸው ተከምረው ያሉ፣ ለማስወገድም ወጪ የሚጠይቁ ነገሮች ናቸው። የመጓጓዣው ጥያቄ ግን የሚናቅ ስላልሆነ፣ ጠያቂዋ በጥናቷ ውስጥ ከመሰብሰቢያው እስከ ማብላያው ያለውን ርቀት በካርታ ለክታ አንድ ምዕራፍ ብትሰጠው ከብዙ ተመሳሳይ ወረቀቶች ትለያለች።

አሁን ወደ ብልቃጦቹ ልመለስ፤ በእኔ ግምት የሥራሽ ዋጋ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። እህቴ፣ ያገኘሽውን የጋዝ መጠን በባሕር ወለል ግፊትና በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ አስልተሽዋል? ይህን የምጠይቅሽ እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ደሴ የሠራሁትን ውጤት ይዤ መጥቼ አፍሬ ስለማውቅ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 81 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ነው፤ የባሕር ወለሉ 101.3 ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወጥተሽ ብትለኪ ወደ 75 ይወርዳል። ጋዝ ግፊቱ ሲቀንስ ስለሚሰፋ፣ ኮምቦልቻ ላይ በ22 ዲግሪ ሙቀት 1,000 ሚሊ ሊትር ብለሽ የጻፍሽው ጋዝ የግፊቱና የሙቀቱ ልዩነት፣ ከዚያም በውስጡ ያለው የውኃ ተን ሲቀነስ 720 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። የከፍታ ቦታ ተመራማሪዎች ይህን ሳያስተካክሉ ውጤታቸውን ከአውሮፓ ጽሑፎች ጋር ሲያነጻጽሩ «የእኛ አገር ፈርስ ከሌላው ይበልጣል» የሚል ድምዳሜ ላይ ይደርሳሉ። የበለጠው ፈርሱ ሳይሆን ተራራው ነው።

ብልቃጦችሽ እርስ በርስ የሚለያዩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእርሾው፣ ማለትም ማብላላቱን በሚያስጀምረው ዝቃጭ ምክንያት ነው። ከሠራ ማብላያ የወሰድሽውን ዝቃጭ፣ የራሱ ጋዝ እስኪያልቅ ድረስ ለጥቂት ቀናት በሙቅ ቦታ አስቀምጠሽ አድክሚው። ከዚያም በተናኝ ጠጣር ክብደት ሲለካ እርሾው ከጥሬ ዕቃው እጥፍ ይሁን። ተናኝ ጠጣር ማለት በ105 ዲግሪ የደረቀውን ናሙና በ550 ዲግሪ ስታቃጥይው የሚጠፋው ክፍል ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ምድጃና ሚዛን ብቻ ስለሆነ እዚያው ታገኚዋለሽ። ለእያንዳንዱ ድብልቅ ሦስት ብልቃጥ፣ በተጨማሪም እርሾ ብቻ ያለበት ሦስት ብልቃጥ እና ንጹሕ ሴሉሎስ የተጨመረበት ሦስት ብልቃጥ ይኑርሽ። ከ1 ግራም ሴሉሎስ በኬሚስትሪው ስሌት የሚጠበቀው ሚቴን 415 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንቺ ከ350 በታች ካገኘሽ እርሾሽ ወይም ክዳንሽ ችግር አለበት፤ የፈርሱን ውጤት ከመጻፍሽ በፊት እሱን ፈልጊ። የመጽሔት ገምጋሚዎች መጀመሪያ የሚያዩት ይህችን የሴሉሎስ መስመር ነው።

የጋዙን ይዘት ለመለየት የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግሽም። ጋዙን ወደ ውኃ መስፈሪያው ከመሄዱ በፊት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት ውስጥ ብታሳልፊው ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን ይውጠዋል፤ አልፎ የሚወጣው ከሞላ ጎደል ሚቴን ነው። አመልካች ቀለም ጨምሪበትና ሙሙቱ ሲደክም ቀለሙ ይነግርሻል። ይህ ዘዴ በዓለም ላይ ተቀባይነት ያለው ስለሆነ በወረቀትሽ ላይ ሳትሸማቀቂ ጻፊው።

የገራባውን ቅጠልና እንጨት ለየብቻ ፈትኚ። ቅጠሉ በቀናት ውስጥ የሚብላላ ሲሆን እንጨቱ ግን ሊግኒን የሚባለው ማጠንከሪያ ስላለበት ባክቴሪያዎቹ አይደፍሩትም፤ በአመድ ውኃ ወይም በኖራ ዘፍዝፈሽ ብታዪው ለአካባቢው የሚሆን ርካሽ መፍትሔ ልታገኚ ትችያለሽ። ጫት ታኒን እንዳለው ደግሞ የሚቅም ሰው ሁሉ በምላሱ ያውቀዋል፤ ታኒን ሲበዛ ሚቴን ሠሪዎቹን ሊያዳክም ስለሚችል የገራባውን ድርሻ ከ10 በመቶ ጀምረሽ ደረጃ በደረጃ አሳድጊውና የት ላይ እንደሚሰብር አሳዪ። እንዲህ ያለ ጥናት ስል የሰው አገር ሰው ሊሠራው የማይችለውን ማለቴ ነው፤ ገራባ ያለው እኛ ዘንድ ነውና።

ስለ ሦስተኛ ዲግሪው፦ በስዊድን የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ነው፤ የትምህርት ክፍያ የለም፤ የተጣራው የጥናት ጊዜ አራት ዓመት ሲሆን ማስተማር ሲታከልበት አምስት ይሞላል። ቦታዎቹ እንደማንኛውም ሥራ በየዩኒቨርሲቲው ገጽ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ለስኮላርሺፕ እንደሚጻፍ የልመና ደብዳቤ ሳይሆን ለሥራ ማመልከቻ እንደሚጻፍ አድርገሽ ጻፊ። የሆላንዱ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያና መጨረሻው እዚያ፣ የመስክ ሥራው በአገር ቤት የሚሆንበት «ሳንድዊች» የሚባል የሦስተኛ ዲግሪ መንገድ አለው፤ ላንቺ ርዕስ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። ጀርመን ላይፕዚግ ያለውን የባዮማስ ምርምር ማዕከልም ተከታተዪ። ገና ሁለተኛ ዲግሪ ያልጀመሩ አንባቢዎች ካላችሁ ደግሞ አልጄሪያ ትሌምሰን ያለው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የውኃና ኢነርጂ ተቋም ከመላ አፍሪካ ተማሪዎችን ይቀበላል።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ። እዚህ ሊንሾፒንግ የሚባል ከተማ አለ፤ የከተማ አውቶቡሶቹ ከቄራ ተረፈ ምርትና ከምግብ ትርፍራፊ በተሠራ ባዮጋዝ ይሄዳሉ፤ በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዚሁ ጋዝ የሚሄድ ባቡር ሁሉ አስጀምረው ነበር። መጀመሪያ ሳየው ልቤ ወደ ደሴ ቄራ ነው የሄደው። ይሁን እንጂ እዚህ የሚሰጡት የምርምር ርዕሶች ስለ ጋዝ ማጣራትና ስለ ተሽከርካሪ ነዳጅ ስለሆኑ፣ ሰው አራት ዓመት ቆይቶ ለአገሩ ቄራ የማይሆን ዕውቀት ተሸክሞ ሊቀር ይችላል። እኔ በከፊል እንደዚያ ሆኛለሁ።


መልስ፦ የቃሉ ግንበኛ

ልጄ፣ እኔ ዲግሪ የለኝም፤ የባዮጋዝ ጉድጓድ ግንበኛና የግንበኞች አሠልጣኝ ነኝ። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራሙ በ2001 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ሲጀመር በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያ ሊገነባ ታቅዶ ነበር፤ የተገነባው ከዚያ ያነሰ ነው። ለምን አነሰ ብለሽ ቢሮ ብትጠይቂ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብድር ይነግሩሻል፤ እሱም ውሸት አይደለም። እኔ ግን ከቃሉ እስከ ተሁለደሬ በየቤቱ ገብቼ ያየሁትን ልንገርሽ።

የምንሠራው «ስንዱ» የሚባለውን፣ ከኔፓል ንድፍ ተወስዶ ለአገራችን የተስተካከለውን ባለ ጉልላት ማብላያ ነው። 6 ሜትር ኪዩብ ለሆነው ቢያንስ አራት ከብት ይፈልጋል፤ ለእበቱ ደግሞ እኩል ውኃ ይጨመርበታል። ውኃውን የምትቀዳው ሴቲቱ ናት። ጋዙ ወጥ ያበስላል፣ ቡና ያፈላል፣ ማታ መብራት ይሆናል፤ እንጀራ ግን አይጋግርም። የቤት ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚያልቀው በምጣድ ሥር ሆኖ ሳለ፣ ያመጣንላት ምድጃ ቡና የሚያፈላ ሆነ። ምጣዱ ሰፊ ነው፣ እሳቱ ዳር እስከ ዳር እኩል ካልደረሰው እንጀራው መሐሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ ይሆናል፤ የጋዙ ግፊት ደግሞ ደካማ ነው። ከአንድ ቤት አንዲት እናት «ጋዛችሁ መልካም ነበር፣ ልጆቼ ግን ቡና አይበሉም» ብለውኛል። የባዮጋዝ ምጣድ በኋላ ተሠርቷል፤ ገና ግን በየገጠሩ አልገባም።

ሌላው ብርዱ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተሽ ደሴና ከደሴ በላይ ያሉት ደጋዎች ስትደርሺ በታኅሣሥና በጥር ጋዙ ያንሳል፤ ሰዎቹም ተበላሸ ብለው ይተዉታል። እንደ ደጋው አቅም ገለባ ከላይ መከመር፣ ጉድጓዱን ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ መቆፈር ይረዳል። ይህን ለክቶ፣ ጽፎ ለግንበኛው የሚሰጥ መሐንዲስ ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው መስክ የሚመጣው ፎቶ ለመነሣት ነው።

ስለዚህ የፋብሪካው ሰው የሚሉሽ ደመወዝ አለው፤ የስዊድኑ ልጃችንም ያለው ጥሩ ነው። ግን ኩበት እየነደደ እርሻው እየተራቆተ ባለበት ደጋ፣ እበቱን አብላልቶ ዝቃጩን ወደ ማሳ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ቆመሽ ሳታዪ አትወስኚ። አንድ ሳምንት ከእኔ ጋር ውጪ፤ በግ አላርድልሽም፣ ሽሮ አይጠፋም።


መልስ፦ የቦርከና ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቹን ካነበብኩ በኋላ ቁጥሮቼን በግፊትና በሙቀት አስተካክዬ እንደገና አሰላሁ፤ ሁሉም ከሩብ በላይ ቀነሱ። አንድ ሌሊት አዘንኩ፤ በማግስቱ ግን ድብልቁ ከፈርስ ብቻ የሚበልጥበት ልዩነት እንዳለ መሆኑን ሳይ ተጽናናሁ፤ ሁሉም በአንድ ልክ ስለቀነሱ ንጽጽሩ አልተለወጠም። ስለ ሴሉሎሱ ለአማካሪዬ ነግሬ ተገኝቷል፤ ዘጠኙን ብልቃጥ በሚቀጥለው ሳምንት እዘጋቸዋለሁ። ጊዜው ስለሚረዝም ምረቃዬ በጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል እገምታለሁ።

ባለ ሶላሩ ያነሡትን የመጓጓዣ ጥያቄ ችላ አላልኩትም። ቅዳሜና እሑድ ጋሪ ያለው ልጅ ይዤ በከተማው ገራባ የሚከመርባቸውን ቦታዎች እየዞርኩ በሚዛን መመዘን ጀምሬያለሁ። የተረዳሁት አንድ ነገር ገራባው ከቄራው ብዙም የማይርቅባቸው ሠፈሮች እንዳሉ፣ ሩቅ የሆኑትን ግን መተው እንደሚሻል ነው። ቄራው ራሱ ደግሞ ሙቅ ውኃ የሚፈልግ ቦታ ነው፤ ዕቃና ወለል የሚታጠበው በእሱ ነው። ጋዙ እዚያው ተሠርቶ እዚያው ውኃ ቢያሞቅ፣ ማጓጓዝ የሚያስፈልገው ገራባው ብቻ ይሆናል። ጥናቴን ወደዚህ ለማጥበብ አስቤያለሁ።

አባቴ የቃሉ ግንበኛ፣ ለግብዣዎ አክብሮቴ የላቀ ነው፤ ብልቃጦቹ ከተዘጉ በኋላ በእርግጥ እመጣለሁ። የሦስተኛ ዲግሪውን ነገር ዘንድሮ ትቼዋለሁ፤ አንድ የታተመ ጽሑፍ ሳልይዝ ላመልክት አልፈልግም። ለቦይለር ክፍሉ ወንድሜ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ቄራውን ለማሳመን ወይም ወደ ፋብሪካ ሥራ ለመመለስ የቦይለሩን በኩል ከየት ልማር? በትምህርት ቤት ያየሁት በሥዕል ብቻ ነው።


መልስ፦ ቦይለር ክፍል

የቄራ ሐሳብሽ ከፋብሪካው ሐሳብ ይልቅ ቅርብ ነው፤ ሙቅ ውኃ ለማፍላት ግፊት ያለው ቦይለር እንኳ አያስፈልግሽም፤ ተራ የውኃ ማሞቂያ ጋን በጋዝ ምድጃ ይበቃል። ጋዙ ወደ ምድጃው ከመግባቱ በፊት ግን የብረት ዝገት ወይም የብረት ፍቅፋቂ በሞላበት ቱቦ ውስጥ አሳልፊው፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ እዚያ ይቀራል፤ አለበለዚያ ምድጃሽን በዓመት ይበላዋል። ይህ ጋዝ በትንሹ ሲሆን እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያጠፋ ሽታው ጠፋ ብለሽ ወደ ጉድጓድ እንዳትወርጂ። ይህን በሥዕል አያስተምሩም።

የእኛ የእንፋሎት ክፍል ተማሪ ለመቀበል ፈቃድ አለው። ከአማካሪሽ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ይዘሽ ሐሙስ ጠዋት ፈረቃ ከመቀየሩ በፊት ነይ፤ የነዳጅ መዝገቡን፣ የመጋቢ ውኃ አያያዙንና የጭስ ሙቀት አነባበቡን በሦስት ሳምንት ታውቂዋለሽ። ጫማሽ ድፍን ይሁን፤ በሸበጥ የመጣ ሰው ከበር ላይ ነው የሚመለሰው።